ተመልሶ የማይመጣ እንግዳ

ለወዳጅ የሚደረግ ቸርነት ብድር አለው፤ ለጎረቤት የሚደረገውም ነገ ይመለሳል። ዛሬ እሳት የሰጠች ሴት ነገ እሳት ትጭራለችና። ነገር ግን ስሙን ለማናውቀው፥ አገሩ ለራቀ፥ ነገ ማለዳ ተነሥቶ ሄዶ ዳግመኛ ፊቱን ለማናየው መንገደኛ የምናደርገው ቸርነት ምን ዓይነት ነው? አንዳንድ ሰዎች፦ ዋጋ የማይጠበቅበት ስለ ሆነ ከቸርነት ሁሉ የጠራው ይህ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ገልብጠው፦ ከቸርነት ሁሉ የቀለለው ይህ ነው፤ አላፊ እንግዳ አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል፤ ጠባዩ ሳይታወቅ፥ አፉ ሳይሰለች፥ ችግሩ ችግራችን ሳይሆን ይሰናበታል፤ እንግዲህ ለእርሱ ደግ መሆን ምን ያስመሰግናል? ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አስተዋዮች ስለ ሆኑ ክርክራቸውን በችኮላ መፍረድ አይገባም። እኛም ነገሩን በባዶ ቃል ከምንመረምረው ይልቅ በአንድ ዓይነት መንገደኞች ላይ ብናየው ይሻላል፤ እነርሱም በማኅበር ሆነው ረጅም መንገድ በቢስክሌት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው።

አንባቢው፦ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቢስክሌት ምን አገባው? ይል ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ቤቱን ይዞ እንደሚሄድ ያህል ነው፤ ውኃውም፥ ስንቁም፥ ጥላውም ከእርሱ ጋር ነው፤ መንደሩን በመስኮት አይቶ ያልፈዋል። በእግሩ የሚሄደው ደግሞ በቀን የሚያልፈው ጥቂት ስለ ሆነ የሚያድርበትን ቀበሌ ወሬ አስቀድሞ ይሰማል፤ ቀበሌውም የእርሱን ወሬ ይሰማል። ቢስክሌተኛው ግን በአንድ ቀን መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚሄድ ማታ የሚደርስበት ቦታ ማለዳ ከተነሣበት ጋር ዝምድና የለውም። የሚሸከመውም መንኰራኵሩ የሚችለውን ብቻ ነው። ሁለት ጠርሙስ ውኃ በዐቀበት ላይ ወዲያው ያልቃል። በባንክ ብዙ ገንዘብ ያለው ባለጸጋ እንኳ ቢሆን፥ ከዐቀበቱ መካከል ጕሮሮው ሲደርቅ ድኻ ነው። ይህም በፈቃድ የመጣ ድኽነት ነውና የጨዋታ ድኽነት ነው እንዳንል፥ ጥሙ እውነተኛ ጥም ነው።

የማንንም ቸርነት እንዳይፈልግ ሆኖ የተሰናዳ የቢስክሌት ጉዞም ነበረ። በ1897 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ከአሜሪካ ጦር ከ25ኛው እግረኛ ክፍል የተመረጡ ሃያ ጥቁር ወታደሮች፥ ሞስ የሚባል ነጭ ሌተና እየመራቸው፥ ከአንድ ሐኪምና ከአንድ የጋዜጣ ጸሐፊ ጋር በሞንታና ካለችው ከሚዙላ ከተማ ተነሥተው እስከ ሴንት ሉዊስ ድረስ 1,900 ማይል ያህል ሄዱ። ጉዞው 41 ቀን ፈጀ። ድንኳናቸውንና ጠመንጃቸውን ይዘው ነበር፤ ስንቃቸውም አስቀድሞ በመንገዱ ላይ ተልኮ ይጠብቃቸው ነበር። ሁሉ በቁጥር የተሰላ ነው። ሆኖም በነብራስካ አሸዋ ውስጥ ሲደርሱ የአገሩ ውኃ ክፉ ነበርና ብዙዎቹ ታመሙ። ጦር ሠራዊት ዱቄትንና ጥይትን አስልቶ ይሄዳል፤ ውኃ ግን ከአገሬው እጅና ከአገሬው ምድር ነው።

ከዚህ በኋላ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ቈይቶ፥ ጽሕፈት ቤቱን በዚያችው በሚዙላ ያደረገ አንድ ማኅበር ሌላ ጉዞ አሰናዳ። አሜሪካ ነጻ የወጣችበት ሁለት መቶኛ ዓመት በሚከበርበት በ1976 ዓ.ም. በበጋው ወራት ባይክሰንተኒያል የተባለውን ጉዞ ለመጓዝ 4,100 ያህል ሰዎች ወጡ። መንገዱ በምዕራብ ካለው ከኦሪገን ባሕር ዳርቻ አንሥቶ በምሥራቅ እስካለው እስከ ቨርጂኒያ ድረስ 4,250 ማይል ነበረ። እኵሌቶቹ ሙሉውን፥ የቀሩትም ከመንገዱ ቍራጩን ሄዱ። ብዙዎቹ በጥቂት በጥቂት ተከፍለው፥ ለያንዳንዱም ክፍል መሪ ተሰጥቶት ነበር። አሰናጆቹ ታላላቁን የመኪና መንገድ ትተው ጠባቡን የገጠር መንገድ መረጡ፤ ስለዚህም የሩቅ አገር ሰው ብዙ የማያይባቸው ትንንሽ መንደሮች በዚያ በጋ በየቀኑ ቁምጣ የለበሱ፥ ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ ባዕዳን በበራቸው ሲያልፉ አዩ። በካንሳስ ያሉ ትንንሽ ከተሞች በሕዝብ መናፈሻቸው ድንኳን እንዲተክሉ ፈቀዱላቸው፤ ከዚያም ወዲህ በዚያው መንገድ ላይ ያሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት አዳራሻቸውን ለቢስክሌተኞች ማደሪያ አደረጉ።

በቨርጂኒያ፥ ብሉ ሪጅ በሚባለው ተራራ ላይ፥ አፍተን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከምሥራቅ ባሕር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ቢስክሌተኛ ገና እግሩ ሳይጠነክር የሚያገኘው ክፉ ዐቀበት በዚያ ነው። በዚያ ዐቀበት ዳር ጁን ከሪ የሚባሉ ሴት ከሽማግሌ አባታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በዚያ በ1976 በጋ ቢስክሌተኞቹ እያለከለኩ በራቸው ላይ እየወደቁ ውኃ ይለምኑ ጀመር። አባትየው ይህን አይተው በመንገዱ ዳር የውኃ ምልክት አቆሙላቸው። ልጃቸውም መንገደኞቹ ውኃ ብቻ ሳይሆን የሚቀመስ ነገር እንደ ቸገራቸው አይተው ብስኩት ይጋግሩላቸው ጀመር። ኋላም ከመኖሪያቸው አጠገብ ያለውን ቤት ከፍተው ቢስክሌተኛ ሁሉ እንዲያድርበት ፈቀዱ። ቢስክሌተኞቹም የብስኩቷ እመቤት ብለው ስም አወጡላቸው። በ1976 የተጀመረው ይህ ነገር በዚያ ዓመት አላበቃም፤ እርሳቸው በ2012 ዓ.ም. በ91 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ በዚያ ቤት ያለፈው መንገደኛ ከዐሥር ሺህ በላይ ነው። የቤቱ ግድግዳ መንገደኞቹ ከየአገሩ በላኩት ፖስት ካርድና ትተውት በሄዱት ሹራብ ተሸፈነ። በ2003 ዓ.ም. የቢስክሌተኞቹ ማኅበር ለመንገደኛ ደግ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት ሲያቆም በእርሳቸው ስም ጠራው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ያነሣነውን ክርክር በዚህች ሴት ላይ እንመርምረው። አላፊ እንግዳን መቀበል ቀላል ነው ያሉት ሰዎች የቈጠሩት ከእንግዳው ወገን ሆነው ነው። ለእያንዳንዱ መንገደኛ የደረሰው አንድ ብርጭቆ ውኃና ጥቂት ብስኩት ነው፤ እርሱም አመስግኖ ወጣ። ለባለቤቲቱ ግን ያ መንገደኛ አንድ አይደለም፤ ዐሥር ሺህ ነው። ትናንት የመጣው ሄዷል፤ ዛሬም ሌላ በር ይመታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ። ምድጃው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይነዳል። እንግዳው ያልፋል እንጂ እንግድነት አያልፍም። እኛ መንገድ ስንሄድ አንድ ደግ ቤት ካገኘን፥ ያ ደግነት ለእኛ ብቻ የተደረገ ይመስለናል፤ ከእኛ በፊት በዚያ በርጩማ ላይ ስንት ሰው እንደ ተቀመጠና ከእኛም በኋላ ስንት እንደሚቀመጥ አናስብም። ቸርነት ድንገት ከልብ የሚፈነዳ ነገር ነው የሚሉ ባለ ቅኔዎች አሉ፤ እኔ ግን አብዛኛው ቸርነት ዱቄት አልቆ እንደ ገና ማስፈጨት ይመስለኛል።

የጠራ ቸርነት ዋጋ የማይቀበለው ብቻ ነው የሚሉትስ? ስለዚያ ግድግዳ ምን ይላሉ? ሴትዮዋ ፖስት ካርዱን ሲያነቡ ደስ ብሏቸው እንደ ሆነ ቸርነታቸው ጐደለን? አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቻችን፦ ደስ ብሎት የሚሰጥ ሰው ራሱን ወዳጅ ነው እያሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ክርክር የሚመጣው የእንግዳ እግር አጥቦ ከማያውቅ ሰው ይመስለኛል። ብድር ሌላ ነው፥ ደስታ ሌላ ነው። ብድርን የሚጠብቅ ሰው የሚመልስለትን መርጦ ይሰጣል፤ ደስ የሚለው ሰው ግን ማን እንደሚመጣ ሳያውቅ ብስኩቱን ጋግሮ ይጠብቃል። የማይመለሰው እንግዳ በአካሉ ባይመለስ በወረቀት መመለሱ ቸርነቱን አያረክሰውም፤ ይልቁንም መንገደኛው ከሩቅ አገር ሆኖ ያንን ቤት ማሰቡን ያሳያል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የማኅበሩ ነገር ነው። አንድ ሰው በር ላይ ሲቆምና ዐሥራ ሁለት ሰዎች በር ላይ ሲቆሙ ነገሩ አንድ አይደለም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር በቀትር ሳለ ሦስት ሰዎች ቢመጡበት ሮጦ ተቀበላቸው፤ ነገር ግን የሚያርደው ጥጃ፥ የሚላከው ብላቴና፥ የምትጋግር ሣራ ነበሩት። አንዲት ባልቴት ግን ዐሥራ ሁለት የራባቸው ጕልማሶች በደጇ ቢስክሌታቸውን ሲያጋድሙ ብታይ ምን ታድርግ? የመጀመሪያው ከእንስራው ቀዝቃዛውን ውኃ ይጠጣል፤ የመጨረሻው አተላውን ያገኛል። ማኅበሩም እርስ በርሱ ይሣሣቃል፥ በቋንቋው ይጫወታል፤ ባለቤቲቱን ብዙም አያያትም። ለብቻው የሚመጣ ሰው አፍሮ ይለምናል፤ በማኅበር የሚመጣ ግን ሳያውቀው ያዝዛል።

የእኛ አገር ገበሬ ይህን ልዩነት በመከራ ተምሮታል። በባላገር ደንብ፥ የመሸበት መንገደኛ በደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ ሲል፥ ቤት የእግዚአብሔር ነው ተብሎ ይመለስለት ነበር። ይህች መልስ ጥልቅ ናት። ባለቤቱ ቤቱ የእኔ ነው፥ እኔ ፈቅጄልሃለሁ አላለም፤ የባለቤትነቱን ክብር ለሌላ ሰጥቶ፥ እንግዳው ባለ ዕዳ እንዳይሆን አስቀድሞ ነጻ አወጣው። እግሩን አጥቦ፥ ከራሱ ቀድሞ አብልቶ፥ መደቡን ይለቅለታል። ነገር ግን ያው ገበሬ ወታደር ሲሠፍርበት ተሰሪ መጣብኝ ብሎ ያለቅስ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን ያለፉ ፈረንጆች ብዙዎቹ በንጉሥ ወይም በመኰንን ትእዛዝ ድርጎ እየተሰፈረላቸው፥ ከየመንደሩ እንጀራና በግ እየተዋጣላቸው ይሄዱ ነበር። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ይህንን እንደ አገሬው ቸርነት ቈጥረውት ሊሆን ይችላል፤ ገበሬው ግን ግብር ብሎ ይጠራዋል። እንጀራው አንድ ነው፤ አንዱ ግን ተለምኖ ተሰጠ፥ ሁለተኛው ታዝዞ ተወሰደ።

በቋንቋችን አንድ ሌላ ነገር ልብ ይሏል። የማናውቀውን ባዕድ ሰውም፥ በማዕዳችን ያስቀመጥነውን ሰውም የምንጠራው በአንድ ቃል ነው፤ ሁለቱም እንግዳ ይባላሉ። አዲስና ያልተለመደ ነገርንም እንግዳ ነገር እንላለን። ባዕድ የሆነው ሁሉ ገና ሳይገባ እንደ ገባ ተቈጥሮ ስም ወጥቶለታል። ይህ የአባቶቻችን አስተሳሰብ ያስመካል፤ ሆኖም ስሙን መስጠትና ወንበሩን መስጠት አንድ አለመሆኑን ማሰብ ይገባል።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቱር ዳፍሪክ የሚባል የቢስክሌት ጉዞ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ድረስ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ወር ይጓዝ ጀመር። ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ሻንጣቸውንና ምግባቸውን የሚሸከም ከባድ መኪና ይከተላቸዋል። በሱዳን በኩል መጥተው በመተማ ገብተው፥ በጎንደርና በባሕር ዳር አልፈው፥ የዓባይን ሸለቆ ወርደው ወጥተው፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ ይወርዱ ነበር። ስለ አገራችን የሚናገሩት ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንደኛው፥ በየመንደሩ ቡና አፍልቶ ያስቀመጣቸው ሰው ብዙ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ በየመንገዱ ዳር ሕፃናት ድንጋይ መወርወራቸው ነው። ይህን ሁለተኛውን ስንሰማ ደስ አይለንም፤ ግን የአገራችንን የእንግዳ ፍቅር እያመሰገንን ድንጋዩን ብንደብቀው ሐሰተኞች እንሆናለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎሐ ጽዮን እንዲህ ያለ ማኅበር ሲያልፍ አይቻለሁ። ከዓባይ ድልድይ እስከዚያ ድረስ ያለው ዐቀበት ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና እንኳ ያቃስትበታል። ብርቱዎቹ በጥዋት ወጥተው አለፉ። ከሁሉ በኋላ አንድ ሽበታም ሰውዬ ቢስክሌቱን እየገፋ፥ ከእርሱም ጋር አንዲት ወጣት ሴት ወጡ። በመንገዱ ዳር ቤት ያላት አንዲት እናት ቡና እየቈላች ነበር፤ ሰውዬውን አይታ ተነሥታ በርጩማ አቀረበችለት፥ ውኃ ሰጠችው፥ በሰፌድ ቆሎ አመጣችለት። ሰውዬው እንደ ጠጣ ከኪሱ መቶ ብር አውጥቶ ዘረጋ። ፊቷ ወዲያው ጠቈረ፤ ዘወር አለች። ወጣቷ ሴት ይህን አይታ እጁን በቀስታ መለሰችው፥ ከጎኑም ተቀምጣ ቆሎውን ትቈረጥም ጀመር። አቦሉ ቀረበ። ኋላ የቀረውን የሚሰበስበው መኪና መጥቶ ቆመና ነጂው ጥሩንባውን ነፋ፤ ሰውዬው ግን ሊነሣ ሲል አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ቶናና በረካ ገና እንዳሉ በሦስት ጣቱ አሳየው። ተመለሰና ተቀመጠ። ነጂውም ተናድዶ ቈይቶ፥ ኋላ ወርዶ ከሲኒው ተካፈለ።

ከዚህ ሁለት ነገር ተረዳሁ። ቸርነቱን ያገኘው ፈጣኑ አይደለም፥ ኋላ የቀረው ነው። በማኅበር የሚሄድ ሰው ስንቁም፥ ሐኪሙም፥ ጓደኛውም ከእርሱ ጋር ስለ ሆነ ለባዕድ እጅ ቀዳዳ የለውም፤ እንደ ታጠረ ግቢ ነው። ካቴናው ሲበጠስ፥ ጎማው ሲተነፍስ፥ ጕልበቱ ሲዝል አጥሩ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ እንግዳ ይሆናል። ሁለተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። ሰውዬው ክፉ አላሰበም፤ የተጫማው ጫማ ከዚያች ሴት ቤት ዕቃ ሁሉ ሊበልጥ እንደሚችል ያውቃልና ድኻን መብላት አሳፈረው። ባለጸጋ ከድኻ እጅ መቀበሉ ተገቢ ነውን? ብሎ መጠየቅም ይገባል። ነገር ግን ገንዘቡን ሲዘረጋ፥ ሳያውቅ እንግድነቱን ትቶ ገዢ ሆነ፤ እርስዋንም ሻጭ አደረጋት። ድኻ የሆነ ሰው የሚሰጠው ብዙ ነገር የለውም፤ ያንኑ ጥቂቱን ዋጋ ቈርጦ መግዛት የመስጠትን ክብር ከእርሱ መውሰድ ነው። ወጣቷ ሴት በአፏ ምንም አልተናገረችም፤ ቆሎውን በላች።

ስለ ድንጋዩም የማስበውን ልናገር። የሰፈሩ ሰዎች የልጆች አስተዳደግ ተበላሸ ይላሉ፤ ሌሎች መንገደኞቹ ራሳቸው ከረሜላና እስክርቢቶ እየወረወሩ ልጆቹን አስለመዱአቸው ይላሉ። በሁለቱም እውነት ሳይኖር አይቀርም። እኔ ያየሁት ግን ይህን ነው፤ በአንድ ጥዋት ሠላሳ ሰዎች፥ ራሳቸው ላይ ቆብ፥ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መነጽር አድርገው፥ ደኅና ዋሉ ሳይሉ ይበራሉ። በአገራችን ሰላምታ ቆሞ ነው፤ ከቤት አጠገብ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ወይ ጠላት ነው፥ ወይ መርዶ ይዟል። ልጁም የሚያየው ሰውን ሳይሆን የሚያልፍ ነገርን ነው። ይህ ለድንጋዩ ይቅርታ አይሆንም፤ ሰው ይቈስላልና። ነገር ግን ድንጋይ በሚሸሽ ጀርባ ላይ ሲወረወር እንጂ በርጩማ ላይ በተቀመጠ ሰው ላይ ሲወረወር አላየሁም። ከሚሮጥ ቢስክሌት ላይ የሚወረወር ከረሜላና በሚሮጥ ቢስክሌት ላይ የሚወረወር ድንጋይ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የተወረወሩት ፊቱን ላላዩት ሰው ነው። በዚያኑ ዐቀበት ላይ ጎማው የተነፈሰበትን አንድ ቢስክሌተኛ እነዚያው ልጆች ከበው፥ አንዱ መንፊያውን ይዞ፥ አንዱ ብሎኑን ለቅሞ ሲረዱት ነበር።

ስለዚህ የእንግዳው ግዴታ ለባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው እንግዳም ነው። ያለፈው ሰው ትቶት የሄደው መልካምም ሆነ ክፉ ነገር የሚመጣውን ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የአፍተን ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳይዘጋ የቈየው በባለቤቲቱ ጽናት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ያለፉት እንግዶችም ቤቱን ሲለቅቁ ለሚመጣው እንዲመች አድርገው ትተውት ይሆናል።

በዚህ ነገር ላይ ከቢስክሌት ወረድ ብለን ሁለት እግረኞችን ብናስብ ይጠቅማል። በ1962 ዓ.ም. ሳቲሽ ኩማርና ሜነን የሚባሉ ሁለት የህንድ ጕልማሶች የአቶም ቦምብን ለመቃወም ከዴልሂ ተነሥተው ወደ ሞስኮ፥ ወደ ፓሪስ፥ ወደ ሎንዶን፥ ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ ወጡ። መምህራቸው ቪኖባ ባቬ ገንዘብ እንዳይዙ መከራቸው። ገንዘብ ያለው መንገደኛ ወደ ሆቴል ይገባል፤ ገንዘብ የሌለው ግን የሰው በር መምታትና ከሰው ጋር መነጋገር ግድ ይሆንበታል። በጆርጂያ ሲደርሱ በሻይ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ሴት አራት ጥቅል ሻይ ሰጠቻቸው፤ ለእነርሱ ግን አይደለም። ቦምቡ ላላቸው ለአራቱ መንግሥታት አለቆች አድርሱልኝ፥ ቦምቡን ለመተኰስ ባሰቡ ጊዜ አስቀድመው አንድ ሲኒ ሻይ ይጠጡ አለች። እነርሱም ሻይውን ይዘው ሄዱ። ይህች ሴት ከሁሉ የበለጠች አስተናጋጅ ትመስለኛለች። እንግዶቿን ባለ ዕዳ አድርጋ አልላከቻቸውም፤ መልእክተኛ አድርጋ ላከቻቸው። ለእርስዋ የሚመልሱት ነገር የለም፤ ለሌላ የሚያደርሱት ግን አለ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ነገ ስለሚሄድ እንግዳ ነው። በሚያዝያ ወር 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሣ። ቢስክሌተኞቹ ይገቡበት በነበረው በዚያው በመተማ በር፥ በዚያው መንገድ፥ ብዙ ሺህ ሰዎች አንዳንዱ በእግሩ፥ አንዳንዱ በጭነት መኪና፥ ልጅ አዝሎ፥ አንድ ፌስታል ዕቃ አንጠልጥሎ ገባ። እነርሱም ውኃ ይጠይቃሉ፤ የጠየቁት ውኃ ቢስክሌተኛው ከጠየቀው ውኃ አይለይም። ነገር ግን ቢስክሌተኛው ቀጥሎ የሚጠይቀው መንገዱ በየት ነው? ብሎ ሲሆን፥ እነዚህ የሚጠይቁት እስከ መቼ እንቀመጥ? ብለው ነው። እንግዲህ አላፊ እንግዳን መቀበል ቀላል ነው ያሉት ሰዎች ክርክራቸው እዚህ ላይ ኃይል ያገኛል። ለሽበታሙ ሰውዬ በርጩማ ያቀረበ ሰው ሁሉ፥ በሦስተኛው ወር፥ ጤፍ በተወደደበት፥ የሥራ ወረፋ በረዘመበት ጊዜ፥ ለተቀመጠው እንግዳ ያንኑ ፊት ያሳየዋልን? ይህን ጥያቄ ለመተማ ሰው ብቻ የምንተወው አይደለም፤ በየከተማችን ከገዛ አገራቸው ቀበሌ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች በየደጃችን አሉና። በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ እንላቸዋለን። ከዚያ በኋላ የምንጠራቸው ስም ይለወጣል።

በወንጌል ስለ ተጻፈው ደግ ሳምራዊ ብዙ ተሰብኳል፥ ሥዕሉም በብዙ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሏል። እርሱም በቁስለኛው ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ፥ በአህያው ላይ ጭኖ፥ ወደ እንግዳ ማደሪያ አድርሶት፥ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ሄደ፤ የሚተርፈውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ። እርሱም መንገደኛ ነበርና መሄዱ አያስነቅፈውም። ቁስለኛው ግን አልሄደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቍስሉን ያጠበው፥ ሌሊት ሲያቃስት የተነሣለት፥ ያላየውንና የማያውቀውን ሰው ቃል አምኖ የቀለበው የማደሪያው ጌታ ነው። ስለ እርሱ የተሰበከ ስብከት ጥቂት ነው። ሁለቱ ዲናር ባለቀበትና ሳምራዊው ገና ባልተመለሰበት ቀን ምን እንዳደረገም አልተጻፈም።